ደብተሬ ላይ ስትሪንግ፣ ጆሮዬ ላይ ቲምፓኒ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የድሮ ኪቦርዴን ድምፆች ቁጥራቸውን ደብተር ላይ ጽፌ ከኮምፒውተር በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተር በሚግባቡበት ቋንቋ) ነው የምጠራቸው። በቅርቡ የሙዚቃ ሶፍትዌር ብቀይር ሁሉም ተዘበራረቀብኝ። 48 ብዬ የመዘገብኩት ስትሪንግ (እንደ ቫዮሊን ያለ የአውታር ድምፅ) ቲምፓኒ (ትልቅ ከበሮ) ሆኖ ቁጭ አለ። አንዳንዱማ ጭራሽ የማላውቀው ድምፅ ነው። ራሴ የሠራኋቸው ፓዶችም (ከዜማው ሥር ረዝመው የሚሰሙ ለስላሳ ድምፆች) «አዲስ ፓድ»፣ «አዲስ ፓድ 2» እየተባሉ ተከማችተዋል፤ ካልከፈትኳቸው አልለያቸውም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ደኅና ነኝ ልጄ። ኪቦርድህ ምንም አልሆነም፤ ጣጣው ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። በሚዲ የሚላከው የፕሮግራም ቁጥር፣ ማለት ድምፁ የሚጠራበት ቁጥር፣ ከ0 እስከ 127 ነው። አንዱ ሶፍትዌር ይህንኑ እንዳለ ያሳይሃል፤ ሌላው ሰው ከዜሮ አይቆጥርም ብሎ ከ1 እስከ 128 ይጽፍልሃል። በጄኔራል ሚዲ (አምራቾች በጋራ በሚጠቀሙበት የድምፆች ተራ) ዝርዝር ከ1 ሲቆጠር 48 ቲምፓኒ፣ 49 ስትሪንግ ነው። የቀድሞው ሶፍትዌርህ ከ0 ይቆጥር ነበር፣ የአሁኑ ከ1 ይቆጥራል። ደብተርህ ላይ ባሉት የፕሮግራም ቁጥሮች ሁሉ 1 ደምር፤ ስትሪንግህ ይመለሳል።

የማታውቀው ድምፅ የሚመጣው ግን በባንክ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። 128 ቦታ ስለማይበቃ አምራቾች ድምፆቹን በየባንኩ ይከፋፍሏቸዋል። ባንኩ የሚመረጠው ኮንትሮለር በሚባሉ የሚዲ መልእክቶች፣ በኮንትሮለር 0 እና በኮንትሮለር 32 ነው፤ አንዳንዱ ኪቦርድ አንዱን ብቻ ያያል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይፈልጋል። ልብ በል፣ ባንክ ብቻውን ቢላክ የምትሰማው ድምፅ አይለወጥም። ኪቦርዱ የባንኩን ቁጥር ይዞ ፕሮግራሙ እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ 0፣ ቀጥሎ 32፣ ከዚያ ፕሮግራም። ፕሮግራሙ ከቀደመ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ድምፁ ከድሮው ባንክ ይወጣል፤ ሰዎች ኪቦርዴ ተበላሸ የሚሉት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አንድ ባዶ ባር (የምት ክፍል) ተውና ሦስቱን እዚያ ላይ ትንሽ ትንሽ አራርቀህ አስቀምጣቸው። የየባንኩ ቁጥር ማኑዋሉ መጨረሻ ላይ ባለው ሰንጠረዥ አለ፤ ማንም የማይገልጠው ገጽ እሱ ነው።

እኔ ግን ድምፅ በቁጥር መጥራት አልወድም፤ አንተም ደብተሩን ብትተወው ይሻልሃል። ሶፍትዌሩ ራሱ ስሞቹን ይወቃቸው። ሪፐር የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ለምሳሌ ሪያባንክ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀበላል። አንድ መስመር ላይ ሁለቱን የባንክ ቁጥሮችና የባንኩን ስም ትጽፋለህ፣ ከሥሩ በየመስመሩ የፕሮግራሙን ቁጥርና ስም ትደረድራለህ። እዚያ ቁጥሩ ከ0 ስለሚጀምር የድሮው ደብተርህ እንዳለ ያገለግልሃል። ሌሎቹ ሶፍትዌሮች ኩቤዝና ኬክዎክም ለዚሁ የሚሆን የየራሳቸው ፋይል አላቸው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ አልዋሽህም፤ ከዚያ በኋላ ግን ስትሪንግ ስትፈልግ «ስትሪንግ» የሚለውን ትመርጣለህ፣ አለቀ።

ወደ ስሞቹ እንምጣ። «አዲስ» ነገ አሮጌ ነው፤ አውጣው። «ቆንጆ»ም አትበል፣ ቆንጆ ባይሆን መች ታስቀምጠው ነበር? መጀመሪያ የሚሠራውን ሥራ ጻፍ፦ ባስ (ወፍራሙ)፣ ፓድ፣ ሊድ (ዜማ መሪው)። ከዚያ ጠባዩን፦ «ፓድ ጨለማ ቀስ ባይ»፣ «ፓድ ብሩህ ፈጣን»። በፊደል ተራ ሲደረደሩ ፓዶቹ አንድ ላይ ይሰበሰቡልሃል። የድሮ ኪቦርዶች ቦታ ይሰስታሉ፤ በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 ለአንድ ድምፅ ስም የሚሰጥህ 10 ሆሄ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳጠሪያህን አስቀድመህ ወስን፣ ከወሰንክም አትለዋውጥ።

የመጨረሻው፣ ግን ዛሬውኑ የምታደርገው፦ ራስህ የሠራሃቸውን ድምፆች ኪቦርዱ ውስጥ ብቻ አትተዋቸው። የውስጥ ባትሪው የሞተ ቀን አብረው ይጠፋሉ። በሲስኤክስ (ኪቦርዱ የራሱን ድምፆች በሚዲ በሚልክበት መልእክት) ወደ ኮምፒውተር ላካቸው። ዲኤክስ 7 32ቱን ድምፆቹን በ4,104 ባይት ነው የሚልከው፤ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ፋይሉ ላይ የኪቦርዱን ስምና ቀኑን ጻፍ። መልሰህ ስትጭን ኪቦርዱ እንቢ ካለህ የማስታወሻ መከላከያው (በድምፆቹ ላይ ሌላ እንዳይጻፍ የሚያግደው) አልጠፋ ይሆናል፤ አጥፋውና እንደገና ላክ። ብቻ መመለሱ በቦታው ያሉትን ድምፆች ይሽራቸዋልና፣ መጀመሪያ አሁን ያሉትን ቅዳ።