መልስ፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፓ ውስጥ በሙዚቃ ጥናት ዶክተር የሆነች ሴት ነበረች ወይ?

እህቴ አዎ ነበሩ፣ እኔን ግን ሁሌ ቀድማ ትዝ የምትለኝ የቪየናዋ ኤልሳ ቢነንፌልድ ናት። በ1877 እ.ኤ.አ. ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች፣ 1903 ላይ ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ጥናት ዶክትሬት ስትይዝ እዛ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች፣ አስተማሪዋ ደግሞ ጊዶ አድለር ነው፣ ይሄን ትምህርት ራሱን እንዲችል ካደረጉት ዋናው ሰው ማለት ነው። የመመረቂያ ጥናቷ ስለ 16ኛው ክፍለ ዘመን የዘፈን ስብስብ ነበር፣ ከዛ እነ የሙዚቃ አቀናባሪው አርኖልድ ሾንበርግ ባስተማሩበት ትምህርት ቤት እሷም የሙዚቃ ታሪክ አስተማረች። በደንብ የታወቀችው ግን በጋዜጣ ነው፣ ለብዙ አመት ኖየስ ቪነር ጆርናል ላይ የኮንሰርትና የኦፔራ ሂስ ትጽፍ ነበር፣ እስቲ አስቢው በዛ ዘመን፣ በዛ ከተማ፣ ሴት ሆና!

1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ያ ሁሉ አበቃ። ሜይ 20 1942 ከቪየና በባቡር ጭነው ቤላሩስ ውስጥ ሚንስክ አጠገብ ወዳለው ማሊ ትሮስቲኔትስ ወደሚባለው የናዚዎች መግደያ ቦታ ወሰዷት፣ ሜይ 26 እዛው ገደሏት፣ 64 አመቷ ነበር። እኔን በጣም የሚያቃጥለኝ እዛው ባቡር ላይ የአስተማሪዋ የአድለር ልጅ ሜላኒም ነበረች፣ አባቷ 1941 ከሞተ በኋላ መጻሕፍቱን ለማዳን ስትታገል ቆይታ በመጨረሻ መጻሕፍቱም ተወረሱ እሷም በዛው ቀን ተገደለች።

ጀርመንኛ የምታነቢ ከሆነ የኤልሳን ጽሑፎች የኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ኦንላይን በነጻ ካስቀመጣቸው የድሮ ጋዜጦች ውስጥ ታገኛቸዋለሽ።