የቁራ ጫጩቶች፣ የማታ ጸሎትና የአያት ምርቃት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ እየወጣ፣ አዲስ ዓመት እየገባ ነውና በዚህ ሰሞን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤትና ስለ ወቅቱ ናቸው። ብዙ ቤተሰብን ይነካሉ ያልኳቸውን መርጬ፣ የጠያቂዎቹንም ስም ትቼ፣ አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ገጠር ስላደግሁ ወቅት በተለወጠ ቁጥር እግዚአብሔርን ማሰብ ከወላጆቼ የወረስኩት ልማድ ነው። ልጆቼ ግን ክረምትን የሚያውቁት ትምህርት ቤት ሲዘጋና መብራት ሲጠፋ ነው። እርሻ አይተው ለማያውቁ ልጆች ምን ላሳያቸው?

መልስ፦ እርሻ ባይኖር ሰማይ አለ፤ ከአራተኛ ፎቅ ደግሞ በደንብ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥራለች፤ ያንንም ሁሉ ጊዜ በደፈናው አታልፈውም። የዘርና የደመና፣ የመብረቅና የነጎድጓድ፣ የወንዞች እያለች ከፋፍላ ለእያንዳንዱ የራሱን ምስባክና መዝሙር ትሰጠዋለች። ለልጆች እኔ የምመርጠው ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለውን ነው። ዕጕለ ቋዓት ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች ጊዜ ነው። መዝሙረኛው ዳዊት እግዚአብሔር ወደ እርሱ ለሚጮኹ የቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን እንደሚሰጥ ዘምሯል። አባቶችም ሲተርኩ፣ ቁራ የፈለፈለቻቸው ጫጩቶች እርሷን ሳይመስሉ ስታያቸው ትታቸው ትሄዳለች፤ እነርሱም አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ አምላክ ጥቃቅን ተሐዋስያንን ወደ አፋቸው እየላከ ይመግባቸዋል ይላሉ።

ቁራ የማያርፍበት የአዲስ አበባ ጣሪያ ደግሞ የለም። ዝናቡ ጋብ ሲል ልጆቹን መስኮት ላይ ያቁሟቸው። ከፊት ለፊት ሕንፃ ሮቶ ላይ ቆማ፣ ላባዋን እያራገፈች፣ አንገቷን እያዞረች ከታች የወደቀ ፍርፋሪ ስትቃኝ ያዩዋታል። «ይህቺን ማን ያበላታል?» ብለው ይጠይቋቸውና ዝም ይበሉ። ወላጆች ጥያቄውን ጠይቀን መልሱንም ራሳችን እንመልሳለን፤ ልጁ እንዲያስብ ጊዜ አንሰጠውም። ትንሹ «እናቷ»፣ ትልቁ «የጣልነው ቆሻሻ» ቢል አይቆጡ። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ሙልሙል ከሱቅ ገዝቶ ማደል ይቻላል፤ ግን አንድ ዓመት እንኳ ሊጡን ከልጆቹ ጋር አቡክተው ይጋግሩ። እጃቸው ሊጥ በሊጥ እንደሆነ የደብረ ታቦርን ነገር ይንገሯቸው፤ ብርሃኑ በርቶ እረኞቹ መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ስለ ቆዩ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ መውጣታቸውን። ከዚያ የመጀመሪያውን ሙልሙል ለጎረቤት፣ በተለይ ማንም ለማይጠይቃቸው አረጋዊ ጎረቤት ልጆቹ ራሳቸው ያድርሱ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዝናቡ የእናንተን መስኮት ሲያጥብ የሌላውን ጣሪያ ያፈሳል፤ በሸራ ቤት የሚያድሩ ሰዎች አሉ። «ዝናብ በረከት ነው» ብለን ብቻ ካስተማርናቸው ግማሹን እውነት ደብቀናል። ክረምት ሳይገባ ልጆቹ ጠቧቸው ከተቀመጠው ሹራብና ብርድ ልብስ መርጠው እንዲሰጡ ያድርጉ። በኖኅ ዘመን የተሰጠው የተስፋ ቃል «በምድር ዘመን ሁሉ መዝራትና ማጨድ፥ ብርድና ሙቀት፥ በጋና ክረምት፥ ቀንና ሌሊት አያቋርጡም» ይላል። ብርዱም አለበት።

ጥያቄ፦ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለኝ። የማታ ጸሎታችን ጠብ ሆኗል። ስንጀምር ክፍሉን ይዘጋል፤ አስገድጄ ሳመጣው አኩርፎ ይቆማል። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴን እንዲህ ብዬ ደፍሬው አላውቅም።

መልስ፦ ጸሎቱ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ከጸሎቱ በኋላስ ተግሣጽ አለ? በብዙ ቤት የማታ ጸሎት የሚያበቃው በልጁ የቀኑ ጥፋት ዝርዝር ነው። እንዲያ ከሆነ ልጁ የሚሸሸው ከእግዚአብሔር ሳይሆን ከችሎቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ልጆች ለወላጆቻቸው ይታዘዙ ካለ በኋላ ወዲያው ወደ አባቶች ዞሮ ልጆቻችሁን አታስቆጡ ብሏል። ሁለተኛውን ቃል የመጀመሪያውን ያህል ስንጠቅሰው አልሰማም።

ለጊዜው ያሳጥሩት። አባታችን ሆይ፣ ለታመመ ዘመድ አንድ ልመና፣ ምስጋና፤ ይበቃል። ተግሣጹን ወደ ሌላ ሰዓት ያዛውሩት። ልጁን ደግሞ ቆሞ ከሚሰማ ይልቅ የሚሠራ ያድርጉት፤ ሻማውን ያብራ፣ ወንጌሉን ያንብብ፣ ለማን እንደምንጸልይ ይምረጥ። ለእግር ኳስ ጓደኛው ለተሰበረው እግር ቢጸልይም ይጸልይ።

ከዚህም በላይ የሚሠራው ከጸሎቱ ሰዓት ውጭ ያለው ነው። ዘዳግም የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ለልጅ ስለማስተማር ሲናገር «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ነው የሚለው። ታክሲ ሲጠብቁ፣ መኪና ሲያጥቡ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ ያውሩት። ሁሉን ነገር ግን ትምህርት ለማድረግ አይሞክሩ። ኳስ ጨዋታ ኳስ ጨዋታ ይሁን። ጌታችን ራሱ በናዝሬት ከወላጆቹ ጋር ሲኖር ይታዘዝላቸው ነበር ከማለት በቀር ወንጌል ስለነዚያ ረጅም ዓመታት የሚነግረን ጥቂት ነው። አብዛኛው ዘመኑ ያለፈው ቤት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆች ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ ይጹሙ? የጾም ምግብስ ከፍስኩ በላይ ወጪ እያስወጣን መጾማችን ትርጉም አለው?

መልስ፦ በተለምዶ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ቀስ በቀስ ያለማምዷቸዋል፤ የታመመ ወይም ደካማ ልጅ ከሆነ የነፍስ አባታችሁንና ሐኪሙን ጠይቁ። ስለ ሁለተኛው፣ ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ውድ አይደለም፤ ውድ የሚያደርገው ሥጋውን ይተካልን ብለን የምንደረድረው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ጾምን እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ አልለየውም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት የሚተርፈውን ገንዘብ ልጆቹ በሚያዩት ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ለማን እንደሚሰጥም ለትንሣኤ አብራችሁ ወስኑ።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነው የምንኖረው። እዚህ መስከረም ሲጠባ ቅጠሉ ይረግፋል። ስለ አደይ አበባ ስነግራቸው ልጆቼ የተረት አገር ይመስላቸዋል። በዓሎቻችን ከወቅቱ ጋር ሲጣሉ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ የአገር ቤቱን ወቅት በናፍቆት ብቻ ካስተማራችኋቸው እግዚአብሔር ኢትዮጵያ የቀረ ይመስላቸዋል። ያላችሁበትን አገር ወቅት አንብቡ። ዴንቨር ያለችበት ኮሎራዶ የስንዴ አገር ነው፤ ከከተማችሁ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ በአብዛኛው የሚዘራው በመኸር ወራት፣ ልክ እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት ሰሞን ነው። ያ ስንዴ ይበቅልና በብርዱ እድገቱ ይቆማል፤ በረዶም ይወርድበታል። የሚያስደንቀው፣ ይህ ዓይነቱ ስንዴ ለሳምንታት ያህል ብርድ ካላገኘ በሚገባ አያሸትም። ብርዱ ለፍሬው የግድ ነው። አዝመራው የሚሰበሰበው በበጋቸው፣ በሐምሌ ገደማ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹን በመኪና ይዛችኋቸው ውጡና ማሳውን አሳዩአቸው፤ ከተቻለ በመስከረም አንድ ጊዜ፣ በረዶ ሲወርድ አንድ ጊዜ፣ በሰኔ አንድ ጊዜ። ጌታ ስለ ስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን እንደምትቀር፣ ብትሞት ግን ብዙ ፍሬ እንደምታፈራ የተናገረውን እዚያው ቆማችሁ አንብቡላቸው። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አደይ አበባንም አትተዉት። ልጃገረዶቹ በእንቁጣጣሽ አበባ ሥለው ለአረጋውያን ጎረቤቶች፣ አበሻም ሆኑ ፈረንጅ፣ ይዘው ይሂዱ። የምትሰጡት ሰው ስለ በዓሉ ይጠይቃቸዋል፤ ሲመልሱ ይማራሉ።

ጥያቄ፦ ኩዌት በሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ልጆቼ ወሎ ከእናቴ ጋር ናቸው። የማገኛቸው በስልክ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄደውም አሠሪዎቼ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ልጆቼን እምነት የማስተምር እናት ነኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አትፈሪ። የልጆችሽን ደብተርና ጫማ የሚገዛው በባዕድ አገር የሚፈሰው ላብሽ ነው። ራስን ለሌላ ከመስጠት የሚበልጥ የክርስትና ትምህርት እኔ አላውቅም፤ ሲያድጉ ይገባቸዋል።

ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ግብዝነት የሌለበት እምነትህን አስባለሁ ሲለው፣ ያ እምነት ቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ጽፎለታል። አያቲቱን ነው ያስቀደመው። እናትሽ ማታ ማታ ሲመርቋቸው፣ እሑድ ነጠላቸውን አልብሰው ሲያስቀድሷቸው ያንቺን ሥራ አብረው እየሠሩልሽ ነው። አመስግኛቸው፤ «እማዬ፣ ልጆቼን ስለምታሳድጊልኝ» ብለሽ ልጆቹ እየሰሙ አመስግኛቸው። አያታቸውን የሚያከብሩት ያን ጊዜ ነው።

ስልኩን በተመለከተ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ «ተማራችሁ? በላችሁ?» ብቻ ሆኖ ያልቃል። አንዷን ደቂቃ ለይተሽ ያዢ። ትልቁ ልጅ አንድ የመዝሙር ቁጥር ያንብብልሽ፣ አንቺም መርቂያቸው፤ ስማቸውን እየጠራሽ። እዚያ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ በመሆኑ ብዙ ምእመናን በዓርብ ይሰበሰባሉ። መውጣት በተፈቀደልሽ ጊዜ የጸሎት ጉባኤ ብቻ ሳይሆን እንዳንቺ ያሉ እህቶችን ፈልጊ። ችግር ቢደርስብሽ የምትጠሪው ሰው ያስፈልግሻል። ካልተፈቀደልሽ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠብሽ የምትጸልዪውን እግዚአብሔር ይሰማል።

ጥያቄ፦ አማቴ የመርሳት በሽታ ይዟቸው እኔ ነኝ የማስታምማቸው። ቀን ያጠብኳቸውን ማታ «ማን ነሽ?» ይሉኛል። ባለቤቴ ሥራ ይውላል፣ እህቶቹ በበዓል ብቻ ይመጣሉ። ሰው ሁሉ «ጽድቅ ነው» ይለኛል። እኔ ግን በልቤ የማገኘው ንዴት ብቻ ነው። ክርስቲያን ነኝ?

መልስ፦ ነዎት። ንዴቱ የሚመጣው ከድካም ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ልቡን በደንብ ሊመረምር አይችልም። በነገሩ ውስጥ ያለውን እምነት እርስዎ አያዩትም እንጂ፣ ስምዎን ለማያውቁ እናት በየማለዳው ውኃ አሙቀው እጃቸውን የሚያጥቡ እርስዎ ነዎት።

«ጽድቅ ነው» የሚሉዎት ሰዎች ግን ቃሉን በእጅ ሥራ ይደግፉት። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር «እናትህ እነኋት» ብሎ ሰጣት፤ ያም ደቀ መዝሙር ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ወንድ ልጅ ነበር የተቀበላት። እናትን መጦር የምራት ዕዳ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ባለቤትዎንና እህቶቹን በአንድ ቀን፣ ከበዓል ውጭ፣ ይጥሯቸው። ልቅሶና ወቀሳ ሳያስቀድሙ የቀኑን ሥራ በሰዓት ይዘርዝሩላቸው፤ ሲነቁ፣ ሲበሉ፣ ሲታጠቡ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ። ከዚያ ተለይቶ የታወቀ ነገር ይጠይቁ። አንዷ ቅዳሜን ትያዝ፣ ሌላዋ የመድኃኒትና የዳይፐር ወጪን ትክፈል፣ ባለቤትዎ እሑድ ጠዋት እናቱን ይጠብቅና እርስዎ ያስቀድሱ። እምቢ ካሉ የነፍስ አባታችሁን ጠርተው እርሳቸው ባሉበት ይነጋገሩ፤ የቤተሰብ ሽምግልና ለዚህ ነው ያለው። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መውሰዱንም አይተዉት፤ የመርሳት በሽታውን ባያድንም እንቅልፋቸውን የሚያረጋጋ ሕክምና ሊኖር ይችላል።

ይህን መልስ ለብቻዎ አያንብቡት። ባለቤትዎ ከሥራ ሲመለስ ቁጭ አድርገው ያንብቡለት፤ የቅዳሜውንም ተረኛ በዚያው ማታ ደውሎ ይጠይቅ።