ስሙን ማን አወጣለት?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ በደሴና በአካባቢዋ የሚፈጸም ልቦለድ እየጻፍሁ ነው። ለደጉ ሰው «ደጉ»፣ ለቁጡው «አስፈራው» የሚል ስም ሰጠሁ። ረቂቁን ያነበበው ወንድሜ ግን «ስማቸውን ሳይ መጨረሻቸውን ዐወቅሁት» አለኝ። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ገጸ ባሕርይ በስማቸው መለየትም አስቸግሮኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ ልክ ናቸው። በአገራችን ስም የሚወጣው የልጁ ጠባይ ሳይታወቅ ስለሆነ፣ ከተጠሪው ይልቅ ስለ ስም አውጪው ይናገራል። ካሳ ወይም ምትኩ የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ ከእርሱ በፊት በቤቱ ሐዘን እንደ ነበረ ያመለክታል፤ ስሙ የእናቱ እንባ እንጂ የእርሱ ጠባይ አይደለም። ስለዚህ ስም ከመፈለግዎ በፊት ስሙን ማን እንዳወጣውና ያን ዕለት ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረ ይወስኑ። አስፈራው የሚለውን ስም ለቁጡው ሳይሆን ለዝምተኛውና ለዓይን አፋሩ ቢሰጡት፣ አባት በተመኘውና ልጅ በሆነው መካከል ያለው ርቀት ራሱ ታሪክ ይሆንልዎታል። ዘመኑንም ያመዛዝኑ፤ በ1940 ዓ.ም. የተወለደች ሴት አብዮት ብትባል አንባቢ አያምንዎትም።

ሃይማኖትን በስም ለመለየት መቸገርዎን እኔ እንደ ችግር አላየውም፤ ወሎን በትክክል ማየትዎ ነው። እንደ ይመርና አራጋው ያሉ ስሞች በሁለቱም ወገን ይጠሩበታል፤ በአንድ ቤተ ዘመድም ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ይገኛሉ። ከራስ ስም ቀጥሎ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን፣ «ከድጃ ተሰማ ይማም» ብለው ቢጽፉ፣ አንድም የማብራሪያ ዐረፍተ ነገር ሳይጨምሩ በሦስት ቃል የሦስት ትውልድ ጋብቻና እምነት ጠቆሙ ማለት ነው። ይህን ሀብት ሁሉንም ገጸ ባሕርይ በሁለት ረድፍ ለመደርደር ሲሉ እንዳያባክኑት አደራ እላለሁ።

አንድ ሰው በአንድ ስም ብቻ እንደማይኖርም ያስቡ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሡት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ ነበሩ፤ የፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ሻንቆ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በልቦለድዎ ቢኖር፣ በየትኛው ስም እንደሚጠራ የሚወስነው ጠሪው ነው፤ አብሮ አደጉ፣ የንስሐ አባቱና ወታደሩ አንድ ዓይነት አጠራር አይኖራቸውም።

የመጨረሻው ጉዳይ የፊደላችን ነው። ፊደላችን የተጸውዖ ስምን ከሌላ ቃል የሚለይበት ትልቅ ፊደል የለውም፤ ብዙ ስሞቻችን ደግሞ ግሦች ናቸው። «ደረሰ» የሚባል ሰው «ደረሰ ደረሰ» ሲባል አንባቢ ይደናገራል፤ «ትዕግሥት አጣ» የሚለውም ሴቲቱን ይሁን የመታገሥ ችሎታውን ማጣቱ አይለይም። ተሾመ፣ ተሰማ፣ ተፈራና ተካ በአንድ ምዕራፍ ቢሰበሰቡም በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ዓይን ያምታታቸዋል። ረቂቁን ለወንድምዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸውና «የቱ ነበር?» ብለው የሚያስቆሙዎትን ስም ይለውጡ።