ከዴልታ ጂ አናት ላይ ያለችው ጭረት

የዛሬዋ ጠያቂ የሐረር ልጅ ናት፣ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ። ጡንቻ ውስጥ ፓይሩቬት ወደ ላክቴት ሲቀየር (ፓይሩቬት + NADH + H⁺ → ላክቴት + NAD⁺) ያለውን ዴልታ ጂ፣ ማለትም የነፃ ኃይል ለውጥ፣ አስልታ ግራ ገባት፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ለውጡ በራሱ ወደፊት አይሄድምና። «መልሱ ፖዘቲቭ 14.9 ኪሎጁል በሞል ወጣልኝ። በዚህ ሒሳብ እኮ ጡንቻ ላክቴት መሥራት አይችልም! የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» ትላለች።

አቦ፣ ጡንቻሽ ደህና ነው! እኔም ድሬ ላብራቶሪ ስገባ መጀመሪያ የተደናቀፍኩት እዚችው ጋ ነው።

የላክሽውን ስሌት አየሁት። መነሻውን ዴልታ ጂ፣ ኔጌቲቭ 25.1ን፣ ከባዮኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ወስደሻል፤ ልክ ነው። ሌሎቹን ሁሉ 1 ሞላር አድርገሻል፤ ይሁን፣ መልመጃ ነው። ከዚያ «ፒኤች 7 ነው» ብለሽ ኪው ውስጥ (የቀኙን መጠን ለግራው የሚያካፍለው ውስጥ) ለሃይድሮጅን አዮን 10⁻⁷ አስገባሽ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። አዮኑ ከግራ በኩል ስላለ 10⁻⁷ በአካፋይነት ገባ፣ በ25 ዲግሪ 40 ኪሎጁል ገደማ ጨመረብሽ።

ኬሚስቶች መነሻ የሚያደርጉት 1 ሞላር ሃይድሮጅን አዮንን ነው፤ ማለትም ፒኤች 0። በዚያ አሲድ ውስጥ የትኛው ኤንዛይም ይተርፋል? ስለዚህ ባዮኬሚስቶች መነሻውን ወደ ፒኤች 7 አመጡት። ከዴልታ ጂ ምልክት አናት ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት፣ ፕራይም የምንላት፣ ይህንኑ ነው የምትናገረው፤ የወሰድሽው ኔጌቲቭ 25.1 ባለ ፕራይም ነው፣ ፒኤች 7ን አስቀድሞ ቆጥሮታል። ውሃም እንደ 1 ይቆጠራል። አንዳንድ ሰንጠረዥ ማግኒዥየምንም በ1 ሚሊሞላር ያስረዋል፤ ኤቲፒ ላይ ስትደርሺ ግርጌውን አንብቢ።

ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት አስቢው። ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200። ከድሬ ተነስተሽ ከለካሽ ሐረር 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከዚያ ከ600ው ላይ እንደገና 1,200 ብትቀንሺስ? ሐረር ከባሕር በታች ገባች። ያንቺም ፖዘቲቭ የመጣው እንዲሁ ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ባለ ፕራይሙን ከወሰድሽ አዮኑን ለ10⁻⁷ አካፍለሽ አስገቢ። ፒኤች 7 ላይ 1 ይሆናል፣ መልሱም ኔጌቲቭ 25.1 ይቀራል። ፒኤች 6 ላይ 10 ስለሚሆን ወደ ኔጌቲቭ 30.8 ይወርዳል። 10⁻⁷ን እንዳለ ማስገባት ከፈለግሽ ደግሞ ፕራይም የሌለውን፣ ኔጌቲቭ 65 ገደማውን ተጠቀሚ። መንገዱ ሁለት ነው፣ መድረሻው አንድ። ማደባለቅ ብቻ የለም።

ከወረቀት ወደ ቤንች ስትመጪ ሌላ ጣጣ አለ። ትሪስ በፈር (ፒኤችን ለማረጋጋት የምንጠቀምበት መፍትሔ) ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፒኤቹ 0.028 ያህል ይወርዳል። በ25 ዲግሪ 7.4 ላይ ያስተካከልሽውን የድሬ 33 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጪው 7.2 አካባቢ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ፒኤቹን የምታስተካክዪው ሙከራውን በምትሠሪበት ሙቀት ይሁን፤ የፒኤች ሜትሩንም እዚያው ካሊብሬት አድርጊ።