ሰው ሰራሽ ሣር ያለበትን ግቢ ገዢ ይሸሸዋል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ ቤት ማሻሻጥ ላይ ነው የምሠራው። ለሽያጭ የሚወጣ ግቢም አስተካክላለሁ። ሰሞኑን ስለ ሰው ሰራሽ ሣር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ «ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። የመጣውን ከነመልሱ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማራኪ አካባቢ ያለውን ቤታችንን ልንሸጥ ነው። የፊት ለፊቱ ግቢ በበጋ አቧራ ብቻ ነው። አርቲፊሻል ሣር ባነጥፍበት ገዢ ይስባል ወይስ ያባርራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሣሩ ብቻውን ገዢ ሲያባርር አላየሁም። ሰውን የሚያሸሸው ሣሩ የሚያስነሳው ጥርጣሬ ነው። እዚህ ከተማ ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ካርታውን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ውሃውን፣ ከዚያ መኪና ይገባል ወይ ይላል። ሣሩ ጋ ሲደርስ፣ በተለይ ከአጥር እስከ አጥር አረንጓዴ ሆኖ ካገኘው፣ «ከሥሩ ምን ደብቀው ነው?» ማለቱ አይቀርም። ባለፈው ሳምንት የተነጠፈ መሆኑ ከታወቀማ ጥርጣሬው ይብሳል።

ደግሞ ገዢ ሁሉ አንድ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወጣት ባልና ሚስት፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ወይም ኪራይ ቤት የሰለቻቸው፣ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች ግን ጌሾአቸውን፣ ጤና አዳማቸውን፣ በሶብላቸውን የት እንደሚተክሉ ነው የሚያስቡት። «ይሄን ሁሉ ፕላስቲክ ማን ይነቅልልኛል?» ብለው ከዋጋው ላይ ይቀንሱብሻል።

ስለዚህ ለሽያጭ ብለሽ አታንጥፊ። ካነጠፍሽም በረንዳው ሥር ትንሽ ቦታ ላይ፣ ሳይለጠፍ፣ ተጠቅልሎ እንዲነሳ አድርገሽ ይሁን። የቀረውን አፈር እንደ አፈር ተዪው።

ጥያቄ፦ ዋጋ ላይ ስንት ይጨምራል?

መልስ፦ ምንም። የሊዝ ዕዳ የሌለበት ካርታ፣ ትልቅ ሮቶ፣ በር ድረስ የደረሰ ኮብልስቶን፣ እነዚህ ዋጋ ይጨምራሉ። ለሣር ያወጣኸውን ብር ገዢው ላይ ልጫን ካልክ ድርድሩን ታበላሻለህ።

ጥያቄ፦ እኔ አዘዞ ነኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃውም አንዳንዴ ይዘለላል። ለመጠጥ ያጣነው ውሃ ለሣር ከየት ይምጣ? ለኔ ፕላስቲኩ መፍትሔ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎንደር ላይ ለሰው ሰራሽ ሣር ከሚቀርቡት ምክንያቶች ጠንካራው ይሄ ነው። ከተማዋን ለረጅም ዘመን ያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፣ ነዋሪው ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። ዝናባችን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ረጅም ደረቅ ወራት ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሣር ይዤ ልኑር የሚል ሰው በጀሪካን ሲያጠጣ መኖሩ ነው።

ግን ፕላስቲኩም ውሃ ይፈልጋል። በበጋ አቧራው በክሮቹ መሀል ይገባና አረንጓዴው ግራጫ ይሆናል፤ መጥረጊያ ብቻ አያወጣውም፣ አልፎ አልፎ መታጠብ አለበት። ከሣር ማጠጫው ያንሳል፣ ዜሮ ግን አይደለም።

ሌላው፣ ሰርዶን አትናቀው። ሰርዶ ቢጫ ሲሆን ሞተ ማለት አይደለም። ሥሩ ከመሬት በታች ይቆያል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ይነሳል። ገዢም ጥር ላይ ቢጫ ሰርዶ ቢያይ አይገርመውም፣ የራሱም ግቢ እንደዚያው ነው። ሰርዶም አልፈልግም ካልክ ደህና ጠጠር አፍስስና ዳር ዳሩን እሬትና ጽጌረዳ ትከል፤ ጽጌረዳዋን የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ይበቃታል። እኔ ቤት ሳሳይ እንዲህ ያለ ግቢ ላይ ሰው ቅሬታ ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ እኛ ቡና የምናፈላው ግቢ ውስጥ ነው። ሣሩ ላይ ከሰል ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ፦ በጭራሽ። አብዛኛው የግቢ ሣር የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነው። እሱ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የጋመ ከሰል ደግሞ በብዙ መቶ ዲግሪ ነው። አንዲት ፍም ከምድጃው ዱብ ካለች አለቀ። ክሮቹ ተጣብቀው፣ ጠቁረው፣ እንደ ጥፍር የጠነከረች ጉብታ ይሆናሉ። ያንን ቦታ ቆርጦ ሌላ መተካት ይቻላል፣ ግን አሮጌው ፀሐይ ስለበላው አዲሱ ቁራጭ በጣም አረንጓዴ ሆኖ ከሩቅ ይለያል። ቤት ሊያይ የመጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው።

ይሄን ጥያቄ ስላነሳሽልኝ አመሰግናለሁ። ለኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው ያለው። የኛ ግቢ ለዓይን ብቻ የተያዘ ቦታ አይደለም። ማድቤትም ነው፣ አዳራሽም ነው። በርበሬ ይሰጣበታል፣ እህል ይለቀምበታል። ለፋሲካ በግ ይታረድበታል፤ ደሙ በክሮቹ መሀል አልፎ ከሥር ያለው አሸዋ ውስጥ ከገባ ሽታውን ለማውጣት ስንት ባልዲ ውሃ እንደሚፈጅ የሞከረው ያውቃል። ለመስቀል ችቦ ይበራበታል። ሠርግና ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን ይተከላል፤ የድንኳኑ ካስማ ደግሞ መሬት ይፈልጋል፣ ሣሩን ካልበሳ አይገባም። ገዢ በግቢው መሀል ቆሞ ዝም ሲል ይሄን ሁሉ እያሰበ ነው። አንዳንዱ ባይናገረውም «ይሄ ግቢ አይመቸንም» ብሎ የሚሄደው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ የሚኖር ወንድሜ «እዚህ ቤት ገዢ የፕላስቲክ ሣር ካየ ፊቱን ያዞራል፣ እንዳታነጥፉ» ይለናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እዚያ ጉዳዩ በጣም ያከራክራል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ቼልሲን ጨምሮ ከአትክልት ትርኢቶቹ ሰው ሰራሽ ሣርን አግዷል፤ ምክንያቱ ለንብና ለሌሎች ነፍሳት ምንም አይሰጥም፣ ፕላስቲክም ነው የሚል ነው። የዚያ አገር ሰው ዝናቡ ሣሩን በነፃ ስለሚያሳድግለት የፕላስቲኩ ጥቅም ያን ያህል አይታየውም። ማንሻውንና መጣያውን ወጪም ያሰላል። ቢሆንም ትንሽዬ ጨለማ ጓሮ ያለው ወይም ጊዜ የሌለው ሰው እዚያም ይወደዋል።

ደረቅ አገር ስትሄድ ነገሩ ይቀየራል። ካሊፎርኒያ በድርቁ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የመኖሪያ መንደር ማኅበራት ሰው ሰራሽ ሣርን እንዳይከለክሉ ሕግ አወጣች። በ2023 ደግሞ ከተሞች ከፈለጉ እንዲያግዱት የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሐሳባቸው ይህን ያህል ተለወጠ። ወንድምሽ የሚለውን ለሱ አገር ተቀበይው። ጎንደር ላይ ግን ገዢው ዲያስፖራ ከሆነ ይሄን አመለካከት ይዞ እንደሚመጣ አትርሺ፤ ደህና ዋጋ ከሚከፍሉት መሀል ደግሞ እነሱ አሉበት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ባዶ እግራቸውን ይጫወቱበታል። ይሞቃል የሚባለው የተጋነነ ነው?

መልስ፦ አልተጋነነም። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የኳስ ሜዳው ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 በተደረገ ልኬት፣ አየሩ 37 ዲግሪ አካባቢ በነበረበት ቀን የሣሩ ገጽ ወደ 93 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ያ ጥቁር የጎማ ጥራጥሬ የተበተነበት ሜዳ ነው፤ የኛም አየር ያን ያህል አይግልም። ግን ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ትበረታለች። መጋቢት ላይ ሰባት ሰዓት ገደማ እጅህን አስቀምጥበትና ፍረድ። ልጆቹ የሚጫወቱበት ቦታ የዛፍ ወይም የቆርቆሮ ጥላ ከሌለው እኔ አላነጥፍም።

ጥያቄ፦ ውሻ አለን።

መልስ፦ ሽንቱ ይቀራል። ዝናብ በሌለበት ወር ግቢው ይሸታል፣ ገዢም በሩን እንዳለፈ ይሸተዋል። ለውሻው አፈር ያለበት ጥግ ተዉለት።

ጥያቄ፦ እኔ ገዢ ነኝ። የወደድኩት ቤት ግቢው በሙሉ በሰው ሰራሽ ሣር ተሸፍኗል። ምን ልይ?

መልስ፦ ጥግ ላይ ያለውን ጫፍ እንዲያነሱልህ ጠይቅ። ያለ ምንም ማቅማማት ጠይቅ፣ ነውር የለውም። «ተለጥፏል፣ አይነሳም» ካሉህ በምን ላይ እንደተለጠፈ እወቅ። ሲሚንቶ ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ከሆነ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አጣራ፤ መውጫ ከሌለው ክረምት ላይ ሣሩ ሥር ይተኛና ግድግዳው እግር ድረስ እርጥበት ይሄዳል። የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል እይ፣ ቀለሙ ከተላጠ ወይም ነጭ ነጭ ጨው ካወጣ ምልክቱ ያ ነው። በደንብ የተሠራ ከሆነ ከሥር የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ በላዩ ስስ አሸዋ ታገኛለህ።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ ያለውን ሣር ያጎብጠዋል፣ ሣሩ ግን ስንጥቁን ይሸፍነዋል። መሬቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ሳታይ ቤቱን ከገዛህ የመሠረቱን ነገር ሳታውቅ ገዛህ ማለት ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነገር አለ፦ የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን የት ነው? ሣር ሲነጠፍ ክዳኑ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ከዚያ ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሣሩ በቢላ ሲቀደድ ይዋላል። ቦታውን ከማወቅህ በፊት ቀብድ አትክፈል። ከተቻለህ ደግሞ ቤቱን ዝናብ በዘነበ ማግስት እየው።

ጥያቄ፦ ርካሹና ውዱ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ስስ ምንጣፍ የሚመስለውና ወደ 10 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ለቤት ውስጥና ለሱቅ ማሳመሪያ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይነጣል፣ ክሩም ይፈረፈራል። ለግቢ ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ያለውን፣ ፀሐይ እንዳያበላሸው የተሠራውን ያዙ። ጀርባውን ገልብጡና ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ እንዳለው እዩ፣ ክሩንም ሳብ ሳብ አድርጉት። ደህናው በደንብ ከተያዘ ወደ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። የኳስ ሜዳ ዓይነት ጥቁር ጥራጥሬ ያለበትን ለቤት አታስገቡ። የአውሮፓ ኅብረት ይሄ ጥራጥሬ ወደ አፈርና ውሃ ስለሚሄድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ከ8 ዓመት የሽግግር ጊዜ በኋላ እንዳይሸጥ ወስኗል።

ጥያቄ፦ ያረጀውን አንስቼ ማቃጠል እችላለሁ?

መልስ፦ አታቃጥሉት እባካችሁ። ጭሱ መርዝ ነው፣ ጎረቤትም አለ። ደህና ደህናውን ቆርጣችሁ በር ላይ የእግር መጥረጊያ አድርጉት፣ የተረፈውን ጠቅልላችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ። ክሩ ተፈርፍሮ ወደ ቦይ እንዳይገባ ቀድማችሁ ጥረጉት።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ቤቴን ለሚያውቁት ሰው ሊያሳዩልኝ ነው። ጥር 11 ሊደርስ ነው፣ ሰርዶዬ ደርቋል። ቶሎ ሣር ላንጥፍ?

መልስ፦ እትዬ፣ አያንጥፉ። በችኮላ የተነጠፈ ሣር ጠርዙ ይነሳል፣ እንግዳ ያደናቅፋል፣ ሲያዩትም ለሽያጭ የተደረገ መሆኑ ያስታውቃል። ሰርዶውን አሳጥረው ያሳጭዱት፣ ደረቁን ያስወግዱ፣ አሸንዳውን ያስጠርጉ። በረንዳው ላይ አራት አምስት የአበባ ማሰሮ ያስቀምጡ። ሮቶውን ቀድመው ያስሞሉና ሰዎቹ ሲመጡ ቧንቧውን ከፍተው ያሳዩአቸው። የሴፕቲክ ክዳኑንም ያስጠርጉትና ራስዎ ይጠቁሟቸው።