መልስ፦ ማራቶን በአዳራሽ ውስጥ ይሮጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «ሚኒሶታ ነኝ፣ ውጪው በረዶ ነው፣ 200 ሜትር መም ላይ የሚሮጥ የአዳራሽ ማራቶን ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» ላልከው፣ እኔ ተመዝገብ ባይ ነኝ። ግን ሂሳቡን ቀድመህ እወቀው። 42.195 ኪሎ ሜትር ማለት 211 ዙር ገደማ ነው። ቀነኒሳ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በርሚንግሃም ላይ 5,000 ሜትርን በ12:49.60 ጨርሶ የዓለም የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን ሲሰብር የዞረው 25 ዙር ብቻ ነው። አንተ ከዚያ ስምንት እጥፍ በላይ ልትዞር ነው፣ ፍጥነቱን ተወው እንጂ!

ትልቁ ጣጣ ኩርባው ነው። ሁሌ ወደ ግራ ስትታጠፍ የአንድ ወገን ቁርጭምጭሚት፣ ባትና ዳሌ ብቻውን ይለፋል፣ በተለይ መንገድ ላይ ብቻ ስትለማመድ ከርመህ ድንገት እዚያ ከገባህ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አበሳ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ በሳምንት አንድ ቀን መም ላይ ሩጥ። ቀስ ብለህ የምትሮጥበት ቀን ላይ፣ ቦታው ከፈቀደ፣ አቅጣጫ ቀይር። አዘጋጆቹንም መሀል ላይ አቅጣጫ ይቀየር እንደሆነ ጠይቃቸው።

ሌላው አየሩ ነው። በክረምት ማሞቂያ የተለቀቀበት አዳራሽ ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ነፋስ ስለሌለም ላቡ ቶሎ አይደርቅልህም። ቁምጣና ስስ ካናቴራ ይበቃል፤ ጃኬቱን መኪና ውስጥ ተወው። ውሃህን መሙ ዳር አስቀምጥ፣ በየ20 ዙሩ ጎንጨት በል። ዙር መቁጠሩን ለቺፑ (ሯጩ ለሚይዘው ዙር መዝጋቢ ትንሽ መሣሪያ) ተወው፣ የእጅ ሰዓትህ ጂፒኤስ እንደሆነ ጣሪያ ስር ያበላሸዋል።