«ፒናፎር» ሽርጥ ነው ወይስ ጥብቆ?

ጥያቄ፦ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ስለነበሩ የእንግሊዝ ልጆች የሚያወራ ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። ልጅቷ ሁልጊዜ «ፒናፎር» ለብሳ ነው የምትታየው። ሽርጥ ልበለው ወይስ ጥብቆ? አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ወንድሟም ፒናፎርና ቀሚስ ለብሷል። የደራሲው ስህተት ይሆን?

መልስ፦ ሽርጥ ይበሉት። ጥብቆ ራሱን የቻለ የልጅ ልብስ ነው፤ ልጁ እሱን ብቻ አጥልቆ ሲቦርቅ ይውላል። ፒናፎር ግን ለብቻው አይለበስም። ከቀሚስ በላይ የሚደረብ፣ እጅጌ የሌለው፣ ከኋላ የሚታሰር ልብስ ነው። ብዙ ጊዜ ከነጭ ጥጥ ወይም ከተልባ እግር ይሰፋ ነበር። ሠዓሊው ጆን ቴኒየል በ1865 እ.ኤ.አ. ለታተመው የሉዊስ ካሮል የልጆች መጽሐፍ («አሊስ በድንቃድንቅ ምድር») የሳላትን ባለታሪኳን አሊስን ይመልከቷት፤ ከቀሚሷ በላይ የደረበችው ያው ነው።

ነጭ ልብስ ለልጅ? እብደት ይመስላል። ግን ነገሩ ወዲህ ነው። የሱፍ ቀሚስ ቶሎ ቶሎ ከታጠበ ይኮማተራል፤ ቀለሙም ይለቃል። ነጩ ሽርጥ ግን ይቀቀላል፣ አሚዶ ይነከራል፣ በካውያ ይተኮሳል። ቀሚሷ አንድ ብቻ የሆነች ልጅ እንኳ ቅያሪ ሽርጥ ካላት ጽድት ብላ ትታያለች።

«ሽርጥ» አንድ ችግር አለበት። አንባቢ ቃሉን ሲሰማ ወጥ ቤት ውስጥ ያለ አብሳይ፣ አለዚያም አፋር ያሉ ወንዶች የሚያገለድሙት ጨርቅ ይመጣበታል። ስለዚህ ግሱን ይጠንቀቁ። «አሸረጠች» ወይም «አገለደመች» ካሉ ልብሱ ወገብ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ከቀሚሷ በላይ ደረቷን የሚሸፍን ነጭ ሽርጥ ደርባለች» ይበሉ። ከዚያ በኋላ «ሽርጧ» ብቻ ይበቃል።

ወደ እኛ ዘመን የቀረበ ታሪክ ከገጠመዎት ደግሞ ሌላ ነው። የዛሬ እንግሊዞች ፒናፎር የሚሉት በሸሚዝ ላይ የሚለበሰውን እጅጌ የለሽ ቀሚስ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ የሚታየው ዓይነት። እዚያ ላይ ሽርጥ ካሉ ልጅቷን ወጥ ቤት አስገቧት ማለት ነው።

ወንድምየውን በተመለከተ ደራሲው አልተሳሳተም። ያኔ ወንድ ልጅም ከአራት እስከ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንደ እህቱ ቀሚስ ይለብስ ነበር። ገና ሽንቱን በቅጡ ለማይቆጣጠር ሕፃን የሱሪ ቁልፍ መፍታት ጣጣ ነው። መጀመሪያ ሱሪ የሚለብስበት ቀን ለቤተሰቡ ትልቅ ቀን ነበር። እና እባክዎ አንባቢ ግር ይለዋል ብለው ቁምጣ አያልብሱት።